ኤምካትን ደግሞ የሚፈተን አመልካች ማመልከቻውን መቼ ያስገባ?

ኤምካትን፣ የአሜሪካ ሕክምና ትምህርት ቤቶችን የመግቢያ ፈተና፣ በድጋሚ ለመውሰድ የቆረጠ አመልካች ብዙውን ጊዜ ከሁለት ነገር በአንዱ ይጎዳል። አንደኛው፣ አዲሱ ውጤት እጁ እስኪገባ ማመልከቻውን ሳይነካው ይቀመጣል። ውጤቱ ጁላይ መጨረሻ ላይ ሲመጣ ገና ትራንስክሪፕት ማስላክ ይጀምርና ወረፋው ላይ ወር ተኩል ይጠብቃል። ሌላው ደግሞ «ቶሎ ያመለከተ ይጠቀማል» ሲባል ሰምቶ ጁን መጀመሪያ ላይ በአሮጌው ውጤት ለ25 ትምህርት ቤት ገንዘቡን ያፈሳል፤ አዲሱ ውጤት ሲመጣ የዝርዝሩ ግማሽ ለእሱ የሚሆን እንዳልነበረ ያየዋል። የሚያዋጣው ማመልከቻውን በጊዜ አስገብቶ የትምህርት ቤቶቹን ዝርዝር ማቆየት ነው።

እዚህ የምናወራው በአሜሪካ በአምካስ፣ ማለትም በሕክምና ትምህርት ቤቶቹ የጋራ ማመልከቻ ሥርዓት፣ በኩል ስለሚሄደው የኤምዲ (የሕክምና ዶክተር ዲግሪ) ማመልከቻ ነው። ኦስቲዮፓቲክ ትምህርት ቤቶች (በኤምዲ ፈንታ ዲኦ የተባለውን የሐኪም ዲግሪ የሚሰጡት) እና ቴክሳስ ወደ መጨረሻው ይመጣሉ። ወሮቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ወረፋ፣ ሁለት ሰዓት

አምካስ ሜይ መጀመሪያ ላይ ለመሙላት ይከፈታል። ማስገባት የሚቻለው ከሜይ መጨረሻ ጀምሮ ሲሆን፣ ትምህርት ቤቶቹ የመጀመሪያዎቹን ማመልከቻዎች የሚያዩት ጁን መጨረሻ ላይ ነው። በመካከል ያለው ጊዜ የማጣራት ጊዜ ነው፦ የሞላችሁት እያንዳንዱ ኮርስ፣ ክሬዲትና ውጤት ከትራንስክሪፕቱ ጋር መስመር በመስመር ይመሳከራል፤ ጂፒኤውንም አምካስ ራሱ እንደገና ያሰላዋል። ወረፋው ውስጥ የምትገቡት ማመልከቻው ገብቶ ሲከፈልበት እና ትራንስክሪፕቶቹ በሙሉ ሲደርሱ ነው፤ አንዱ ቢጎድል ገና አልተሰለፋችሁም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የገባ ማመልከቻ በሁለት ሳምንት ገደማ ሊያልቅ ይችላል። ሰው ሲበዛ፣ በተለይ ጁላይና ኦገስት፣ እስከ ስድስትና ስምንት ሳምንት ይሄዳል።

ለማጣራት የኤምካት ውጤት አያስፈልግም። የድጋፍ ደብዳቤም አያስፈልግም። ይህን የማያውቅ አመልካች ብዙ ነው፤ ሳምንታት የሚባክኑትም እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ሰዓት የኤምካት ነው። ውጤት ከፈተናው ቀን ከ30 እስከ 35 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል፤ በወጣበት ቀን በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት 5 ፒኤም ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት መሆኑ ነው። ይህን ማፋጠን አይቻልም። ስለዚህ ሁለቱ ሰዓቶች ተከታትለው ሳይሆን ጎን ለጎን እንዲሮጡ ማድረግ ነው ሥራው። ውጤቱ በወጣበት ምሽት ማመልከቻችሁ ተጣርቶ መጠበቅ አለበት።

በአንድ ትምህርት ቤት ማስገባት

አሠራሩ ቀላል ነው። ጁን መጀመሪያ ላይ ማመልከቻውን ሙሉ በሙሉ አዘጋጅታችሁ አንድ ትምህርት ቤት ብቻ መርጣችሁ ታስገባላችሁ። ክፍያው የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ጨምሮ 175 ዶላር አካባቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ትምህርት ቤት ወደ 50 የሚጠጋ ዶላር ይከፈላል። ማመልከቻው በአንዱ ትምህርት ቤት ስም ይጣራል። ውጤቱ ሲመጣ ገብታችሁ ሌሎቹን ትጨምራላችሁ፣ እንደገና ፈርማችሁ ትልካላችሁ። የተጣራ ማመልከቻ ሁለተኛ ወረፋ አይያዝም፤ አዲሶቹ ትምህርት ቤቶች ቶሎ ያገኙታል።

ጥንቃቄ የሚጠይቀው የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ምርጫ ነው። «ለወረፋ ያህል» ብሎ ፈጽሞ የማይሄድበትን ትምህርት ቤት የሚጽፍ አለ፤ 175 ዶላሩን ከመጣል አይለይም። ተገላቢጦሹም አለ፦ የሚመኙትን ትልቁን ትምህርት ቤት ማስቀደም። ያ ትምህርት ቤት ፋይላችሁን መጀመሪያ የሚያየው በአሮጌው ውጤት ነው፤ የአንዳንዶቹ ማጣሪያ ደግሞ ኤምካት ላይ ስለሚመሠረት አዲሱን ሳይጠብቅ ሊያልፋችሁ ይችላል። ነገሩ ከተበላሸና ዘንድሮ ላለማመልከት ከወሰናችሁም፣ በሚቀጥለው ዓመት እዚያ ትምህርት ቤት ድጋሚ አመልካች ሆናችሁ ነው የምትቀርቡት። ስንት ጊዜ ማመልከት እንደሚቻል የሚገድቡ ትምህርት ቤቶችም አሉ። በአብዛኛው የሚስማማው የምትኖሩበት ስቴት የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፦ ውጤቱ ከፍ አለም ዝቅ አለም ከዝርዝራችሁ የማይወጣ።

ደግሞም ከገባ በኋላ የማይለወጥ ነገር እንዳለ አትርሱ። የግል መግለጫው (5,300 ፊደል ነው ገደቡ፣ ክፍት ቦታን ጨምሮ) እና 15ቱ የሥራና የተሳትፎ መስመሮች ይቆለፋሉ። ትምህርት ቤት መጨመር፣ አድራሻ ማስተካከል፣ የደብዳቤ መረጃ ማከል እና የሚቀጥለውን የኤምካት ቀን ማስተካከል ግን ይቻላል። ስለዚህ «ቶሎ ላስገባ» ማለት ረቂቅ ላስገባ ማለት አይደለም። ለፈተና እያጠናችሁ መግለጫ መጻፍ እንደማይሆን ካወቃችሁ፣ መግለጫውን ከማርች በፊት ጨርሱት።

ያቺ የቀን ሳጥን

አምካስ ላይ ወደፊት ኤምካት ትወስዳላችሁ ወይ፣ መቼ፣ የሚል ቦታ አለ። ትንሽ ትመስላለች፤ ፋይል የምታስቆመው ግን እሷ ናት። የወደፊት ቀን ከተሞላ ብዙ ትምህርት ቤቶች አዲሱ ውጤት እስኪደርስ ፋይሉን አይገመግሙም። አሮጌው ውጤታችሁ ደካማ ከሆነ ይህ ይጠቅማችኋል፤ በአሮጌው እንዳትፈረዱ ይከልላችኋል። አሮጌው ጥሩ ሆኖ፣ 513 ሆኖ ለምሳሌ፣ «ትንሽ ከፍ ላድርገው» ብላችሁ ኦገስት ላይ ተመዝግባችሁ ከሆነ ግን ጁላይ ላይ ሊነበብ የሚችለውን ፋይል በገዛ እጃችሁ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ አቆያችሁት ማለት ነው።

ከተመዘገባችሁ በእውነት ሙሉት። የሚበዛው ችግር ሌላ ቦታ ነው፦ ፈተናውን ሰርዘው ቀኑን ሳጥኗ ውስጥ የሚረሱት። ትምህርት ቤቱ የማይመጣ ውጤት እየጠበቀ ፋይሉ ይተኛል። ፈተና ከሰረዛችሁ ወይም ውጤቱ እንዳይወጣ ካደረጋችሁ በዚያው ቀን ገብታችሁ አጥፉት፤ ማመልከቻው የደረሳቸውን ትምህርት ቤቶችም በፖርታላቸው ወይም በኢሜይል አሳውቋቸው።

ከ2003 ወዲህ የተወሰደ የኤምካት ውጤት በሙሉ ወደ አምካስ በራሱ ይገባል። አንዱን አሳይቶ አንዱን መደበቅ የለም። ትምህርት ቤቶቹ ብዙ ውጤት ሲያዩ የሚይዙት አንድ ዓይነት አይደለም፦ የመጨረሻውን የሚወስድ አለ፣ ከፍተኛውን የሚወስድ አለ፣ አማካይ የሚያወጣም አለ። የየትምህርት ቤቱን ድረ ገጽ ማየት ግድ ነው።

የፈተና ቀን ከነዋጋው

ድጋሚ ለመፈተን ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ነው። ኤፕሪል አጋማሽ የተወሰደ ፈተና ውጤቱ ሜይ አጋማሽ ላይ ይመጣል፤ አምካስ ለመቀበል ሲከፈት ውጤታችሁን አውቃችሁ ትገባላችሁ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ዘዴም አያስፈልጋችሁም።

ሜይ መጨረሻ የተፈተነ ሰው ውጤቱ ጁን መጨረሻ፣ ትምህርት ቤቶቹ ማመልከቻ ማየት በሚጀምሩበት ሰሞን ነው የሚወጣው። ምንም አልቀረበትም።

ጁን መጨረሻ የሚፈተንን ሰው ቀረብ ብለን እንየው። ማመልከቻውን ጁን 3 በአንድ ትምህርት ቤት ያስገባል፤ ትራንስክሪፕቶቹ ሜይ ውስጥ ደርሰዋል። ማጣራቱ ጁን ውስጥ ወይም ጁላይ መጀመሪያ ላይ ያልቃል። ጁን 27 ይፈተናል። ጁላይ 29 ወይም 31 አካባቢ ውጤቱ ይወጣል። በዚያው ምሽት 18 ትምህርት ቤት ይጨምራል። በቀጣዮቹ ቀናት ሴኮንደሪ የሚባሉት የየትምህርት ቤቱ ተጨማሪ ጥያቄዎች በኢሜይል መዝነብ ይጀምራሉ። ጁላይን በሙሉ መልሶቹን ሲያዘጋጅ ከቆየ ኦገስት 14 ላይ ጨርሷል። ይህ መጥፎ አይደለም፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ቃለ መጠይቅ የሚጀምሩት ኦገስትና ሴፕቴምበር ውስጥ ነው። ያው ሰው ጁን 3 ላይ ሳያስገባ ቀርቶ ጁላይ 31 ላይ ቢያስገባ ኖሮ ማጣራቱ ብቻ ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ያደርሰው ነበር። ፈተናው አንድ፣ ውጤቱ አንድ፣ ልዩነቱ ስድስት ሳምንት።

ጁላይ አጋማሽ የተፈተነ ውጤቱን ኦገስት አጋማሽ ላይ ያያል፤ ሴኮንደሪዎቹ ቀድመው ከተጻፉ ይኬዳል፣ ከዚያ በላይ ግን ማንሸራተት የለበትም። ኦገስት መጨረሻ ከሆነ ውጤቱ ሴፕቴምበር መጨረሻ፣ ፋይሉ የሚሟላው ኦክቶበር ነው። ከኦክቶበር 15 ጀምሮ ትምህርት ቤቶች የመቀበያ መልስ መስጠት ይችላሉ፤ እናንተ ገና ፋይል እያስሞላችሁ ሌላው ቦታውን ይዟል ማለት ነው። ቅበላው እየመጣ እየተሰጠ የሚሄድ ስለሆነ የመዝጊያ ቀኑ ዲሴምበር መሆኑ ማታለያ ነው። በእኛ ሚዛን ውጤታችሁ ከሴፕቴምበር አጋማሽ በኋላ የሚወጣ ከሆነ ለኤምዲ ዘንድሮን መዝለል ይሻላል።

ኧርሊ ዲሲዥን የሚባለው መንገድ፣ ኦገስት 1 የሚዘጋው፣ ለድጋሚ ተፈታኝ አይሆንም። ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ አመልክታችሁ መልሱን እስከ ኦክቶበር 1 ትጠብቃላችሁ፤ እምቢ ከተባለ የቀረውን የምትጀምሩት ያኔ ነው።

ልትፈተኑ ይገባል ወይ?

ቀን ከመቁረጥ በፊት ይህ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ በምኞት ሳይሆን በቁጥር። የኤምካት ድምር ከ472 እስከ 528 ነው፣ አራቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው ከ118 እስከ 132። የተቀበሉ ተማሪዎች አማካይ 511 ወይም 512 አካባቢ ነው። ድምሩ የሁለት ነጥብ ወዲያና ወዲህ የስሕተት ክልል አለው፤ 509ን ወደ 511 ለማድረግ መፈተን፣ ፈተናው ራሱ ልዩነቱን በእርግጠኝነት የማይለየውን ነገር ማሳደድ ነው። ደግመው የሚፈተኑ ሰዎች በተለምዶ የሚጨምሩትም ሁለት ሦስት ነጥብ ነው፤ የሚቀንሱም አሉ። በአንጻሩ ድምሩ ደህና ሆኖ አንዱ ክፍል 123 ወይም 124 ላይ ከወደቀ መድገሙ ትርጉም አለው፣ በክፍል የሚያጣሩ ትምህርት ቤቶች ስላሉ።

የልምምድ ፈተና ላይ ድጋሚ ተፈታኝን የሚያታልል ነገር አለ። ኤምካትንም አምካስንም የሚያስተዳድረውን ማኅበር፣ የኤኤኤምሲን፣ ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች ባለፈው ዙር ጨርሷቸዋል። ዘንድሮ ሲደግማቸው ጥያቄዎቹን ባያስታውሳቸውም አእምሮው ያውቃቸዋል፤ ውጤቱ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል፣ የፈተናው ቀን ግን አይገኝም። ስለዚህ ከዚህ በፊት ያላያችኋቸውን ቢያንስ ሁለት ሙሉ ፈተናዎች ለመጨረሻው ወር አስቀምጡ። ጠዋት ተነሥታችሁ፣ ስልክ ዘግታችሁ፣ 230ውንም ጥያቄ በአንድ ቀን ሥሩ፤ እውነተኛው ቀን ከእረፍቱ ጋር ሰባት ሰዓት ተኩል ያስቀምጣል፣ የሚያደክመውም ከአምስተኛው ሰዓት በኋላ ያለው ነው። ያልታዩት ፈተናዎች አማካይ ከአሮጌው ውጤታችሁ ቢያንስ ሦስት ነጥብ ካልበለጠ አትግቡ።

ይህ ውሳኔ ቀን አለው። ከፈተናው በፊት ባሉት አሥር ቀናት ውስጥ ቀን መለወጥም መሰረዝም አይቻልም። ከዚያ በፊትም ዋጋው በደረጃ ነው፦ 60 ቀን ሲቀር ርካሽ፣ ከ30 ቀን በታች ውድ። ካላንደር ላይ ከፈተናው ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ሁለት ምልክት አድርጉ፦ 31ኛው ቀን እና 11ኛው ቀን። የመጨረሻው ሙሉ ልምምድ ከ11ኛው ቀን በፊት መጠናቀቅ አለበት፤ ሳምንት ሲቀረው የሚሠራ ልምምድ ሐሳብ ለመለወጥ አይጠቅምም።

በፈተናው መጨረሻ ላይ ስክሪኑ ውጤቱ ይታረም ወይስ ይሰረዝ ብሎ ይጠይቃል፣ አምስት ደቂቃ ሰጥቶ። ዝም ካላችሁ ይታረማል። የተሰረዘ ፈተና ትምህርት ቤት ዘንድ አይደርስም፣ ገንዘቡም አይመለስም፣ ከቁጥር ገደቡ ግን ይቆጠራል፦ በአንድ ዓመት ሦስት፣ በተከታታይ ሁለት ዓመት አራት፣ በዕድሜ ልክ ሰባት ጊዜ። ተመዝግቦ መቅረትም ይቆጠራል። «ከበደኝ» የሚል ስሜት ብቻውን ለመሰረዝ በቂ አይደለም፤ ፈተናው ለሁሉም ይከብዳል። አንድ ክፍል ሳይጨርሱ መቅረት ወይም መሀል ላይ መታመም ግን በቂ ነው።

ወረፋ የሚያስለቅቁ ስሕተቶች

ትራንስክሪፕት ከተማራችሁበት የአሜሪካና የካናዳ ኮሌጅ ሁሉ ይፈለጋል። የሚረሳው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሃይስኩል እያሉ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የወሰዷት አንዲት ክላስ፣ ወይም በክረምት ሌላ ቦታ የተወሰደች ስታቲስቲክስ። ክሬዲቷ ወደ ዋናው ዩኒቨርሲቲ ቢዛወርም ትራንስክሪፕቷ ከመጀመሪያው ቦታ ለብቻዋ መምጣት አለባት። ከአምካስ በሚወጣው የመጠየቂያ ቁጥር አስልኩት፤ ያለ ቁጥሩ የመጣ ወረቀት ከፋይላችሁ ጋር ሳይገናኝ ይቀራል። የስፕሪንግ ውጤት ሳይለጠፍ ከተላከ ደግሞ ሴሚስተሩ ባዶ ሆኖ ይደርሳል፤ ሬጅስትራሩ ውጤቱን መለጠፉን አረጋግጡና አስልኩ።

ኮርሶቹን በቃል አትሙሉ። ትራንስክሪፕቱን ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ፣ ስሙን እዚያ እንደተጻፈው፣ የተጣለ ክላስም ቢሆን ሳይቀር። ስሕተት ከበዛ ማመልከቻው ይመለሳል፣ ጁን 3 ማስገባታችሁም ከንቱ ይሆናል። ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ ባለ ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁትን አምካስ አያጣራውም፤ ትዘረዝሩታላችሁ እንጂ በጂፒኤው ውስጥ አይገባም። ብዙ ትምህርት ቤቶች የተወሰነ ክሬዲት አሜሪካ ውስጥ እንዲወሰድ ስለሚጠይቁ ትምህርት ቤት ከመጨመር በፊት ይህን ተመልከቱ።

ኤምሳር በተባለው የኤኤኤምሲ መዝገብ ላይ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የሚቀበለው እጅግ አሮጌውና እጅግ ዘግይቶ የተወሰደው ኤምካት ተጽፏል። ሁለቱንም ነው ማየት ያለባችሁ። ብዙዎቹ ከሦስት ዓመት በላይ የቆየ አይቀበሉም።

የኤኤኤምሲን የክፍያ ድጋፍ ፕሮግራም የምታገኙ ከሆነ ለ20 ትምህርት ቤት የአምካስ ክፍያን ይሸፍናል፣ የኤምካቱንም ዋጋ ይቀንሳል፤ ወደ ኋላ ግን አይሠራም። ከፍላችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ቢፈቀድላችሁ የከፈላችሁት ከፈላችሁ ነው። ለፈተናው ከመመዝገብ በፊት አመልክቱ።

ውጤቱ ሲወጣ

ሦስት ዝርዝር አስቀድማችሁ ጻፉ፦ ውጤቱ ከጠበቃችሁት በላይ ቢሆን፣ እኩል ቢሆን፣ ቢወርድ። በዚያች ምሽት ያለ ዝርዝር የተቀመጠ ሰው ከፍ ካለ በደስታ ስምንት የሕልም ትምህርት ቤት ይጨምራል፣ ካልጨመረ በንዴት ሁሉንም ይተዋል። ለ20 ትምህርት ቤት የአምካሱ ብቻ ከ1,000 ዶላር ያልፋል፤ ሴኮንደሪው ደግሞ ለየብቻው ይከፈልበታል፣ ብዙ ቦታ 100 ዶላር አካባቢ።

ውጤቱ ሁለት ነጥብ ወዲህና ወዲያ ከሆነ በአሮጌው ውጤት የታሰበውን ዝርዝር ያዙ፤ ተመሳሳይ ቁጥር ሁለት ጊዜ ማግኘት ትክክለኛ ቦታችሁን ነው የሚናገረው። በግልጽ ከወረደ የመጨረሻውን ውጤት ብቻ የሚይዙትን ከዝርዝሩ አውጡ፣ ከቀረው ዝርዝር ውስጥ የምትሄዱበት ካለ ጨምሩ፣ ከሌለ ጨርሶ አትጨምሩ። ለሴኮንደሪ የሁለት ሳምንት ልማድ አለ፤ ጥያቄዎቹ ከዓመት ዓመት ብዙ ስለማይለወጡ ከፈተናው ማግስት ጀምሮ የአምስት ስድስቱን መጻፍ ይቻላል።

ኦስቲዮፓቲክ ትምህርት ቤቶች አኮማስ በተባለው የጋራ ማመልከቻቸው፣ የቴክሳስ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደግሞ በራሳቸው ሥርዓት ነው የሚቀበሉት። ወደ እነዚህ ውጤቱ በራሱ አይሄድም፤ የኤምካት የውጤት መላኪያ ገጽ ገብታችሁ እናንተው ትልኩታላችሁ። አሮጌውን ብቻ ልካችሁ እንዳትቀሩ፣ አዲሱም መድረሱን ፖርታሉ ላይ አረጋግጡ። ኦስቲዮፓቲኮቹ ዘግይቶ ለመጣ ሰው ከኤምዲዎቹ ይልቅ ቦታ የማቆየት ልማድ ስላላቸው ከላይ ያልነው የሴፕቴምበር ገደብ እዚያ ትንሽ ይላላል።

ዘንድሮን ለመዝለል ከወሰናችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ጸሐፊዎቻችሁን አሁኑኑ አነጋግሩ። አምካስ ደብዳቤን ወደሚቀጥለው ዓመት አያሻግርም፤ ፋይሉን እንዲያስቀምጡና ኤፕሪል ላይ ቀኑን አድሰው፣ የጨመራችሁትን ሥራ አንድ መስመር አክለውበት እንዲልኩ ጠይቁ።